የዳሞት ገበሬና የዜግነት ፖለቲካ

ስለ ኢትዮጵያ ፓርቲዎች ታሪክ በሚጻፈውና በሚነገረው ውስጥ፣ ማስረጃ ሳይጠየቅበት በመደጋገም ብቻ እንደ ተረጋገጠ እውነት የተያዘ አንድ አስተያየት አለ፤ እሱም በብሔር ያልተደራጀ ፓርቲ፣ ማለትም አባልነትን ከትውልድ ሐረግ ጋር ሳያያይዝ በዜግነት ላይ የሚመሠርት የፖለቲካ ድርጅት፣ የከተማ ምሁራን ምኞት ስለሆነ ከአዲስ አበባ አስፋልት ሲወርድ የሚቆምበት መሬት የለውም የሚል ነው። በዚህ አስተያየት መሠረት ገበሬው የሚያውቀው ወገኑን ነው፤ ወገኑም ቋንቋውን የሚናገርና ደሙን የሚጋራ ነው፤ «ዜጋ» የሚለው ቃል ለእሱ ከግብር ደረሰኝ ማኅተም ያለፈ ትርጉም የለውም። አስተያየቱ ጉልበት ያገኘው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ስላልመጣ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አገሪቱን የመራው ኢሕአዴግ በብሔር ያልተደራጁ ተቃዋሚዎቹን የትምክህት ኃይሎች እያለ፣ ገጠሩ የእሱና የአባል ድርጅቶቹ እንደሆነ ሲያስተምር ኖሯል፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የተጠናከረው የአማራ ብሔርተኝነት ደግሞ፣ ኢሕአዴግን አምርሮ እየጠላም፣ የአንድነት ፖለቲካ አማራውን ያዘናጋ፣ ከተሜው ያወጣው ዜማ ነበር ሲል ያንኑ ፍርድ በሌላ ቃል ይሰጣል። ሁለት ባላንጣዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ ነገሩ እውነት ይመስላል፤ መምሰሉ ግን ከምርመራ አያድነውም።

አስተያየቱን ለመፈተን ከምዕራብ ጎጃም የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። የዞኑ ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም፣ ቀድሞ ወጄት ትባል የነበረችውና በኋላ በግእዝ «የሰላም መንገድ» የሚል ስም የወጣላት፣ በንጉሡ ዘመን የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ መቀመጫ ነበረች፤ ቡሬ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ የሚነሣባት የገበያ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ ዞኑ በወቅቱ በነበረው ወሰን 2.1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲኖረው፣ ከዚህ ውስጥ ከተሜው ከመቶ ዘጠኝ አይሞላም ነበር፤ ከመቶ ከ99 በላይ የሚሆነው ነዋሪም አማራ ተብሎ ተመዝግቧል። ስለዚህ ቦታው ገጠር ነው፣ በቆጠራው አነጋገርም አንድ ወጥ ነው። የብሔር ፓርቲ ያለ ተቀናቃኝ ሊነግሥበት፣ የዜግነት ፓርቲ ደግሞ ዘሩ እንኳ ሊበቅልበት የማይገባ አካባቢ ካለ ይህ ነው፤ የተለመደው አስተያየት እዚህ ከተሰናከለ ሌላ ቦታ መቆሙ ያጠራጥራል።

ወደ ነገሩ ከመግባት በፊት አንድ ቃል መጥራት አለበት። በአማርኛ «ኅብረ ብሔራዊ» የሚባለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው የብሔር ድርጅቶች ተሰባስበው የሚፈጥሩት ግንባር ነው፤ አራት ድርጅቶችን ያቀፈው ኢሕአዴግ እንዲህ ያለ ነበር፤ በኅዳር 2012 ዓ.ም. የተመሠረተው ብልጽግናም ምንም እንኳ አንድ ወጥ አገር አቀፍ ፓርቲ ነኝ ቢል፣ ቅርንጫፎቹ «የአማራ ብልጽግና»፣ «የኦሮሚያ ብልጽግና» እየተባሉ ሲጠሩ ከአሮጌው ልብስ ሙሉ በሙሉ እንዳልወጣ ያሳብቃል። ሁለተኛው ግለሰቦች ትውልዳቸው ሳይጠየቅ በአንድ ፕሮግራም ዙሪያ የሚሰባሰቡበት ፓርቲ ነው። የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ ሁለተኛው ነው፤ «የዜግነት ፖለቲካ» የሚለው አጠራርም ለእሱ ይቀርበዋል።

ገበሬው በተፈጥሮው በጎሣ ያስባል የሚለው ግምት መጀመሪያ የሚጋጨው ከጎጃም ገበሬ የራሱ የመሬት ሥርዓት ጋር ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓመታት ከፍኖተ ሰላም ብዙም በማይርቀው በደጋ ዳሞት ቆይቶ ባጠናውና እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በዝርዝር እንዳሳየው፣ ርስት የሚባለው የመሬት መብት በአባት በኩል ብቻ አይወርድም ነበር። አንድ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በአባቱም በእናቱም ወደ ኋላ እየቆጠረ ከአንድ አቅኚ አባት፣ ማለትም መሬቱን በመጀመሪያ ያቀና ከተባለ ቅድመ አያት፣ መውረዱን ካስረዳ፣ ከዚያ አባት መሬት ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ቅድመ አያት የሚላቸው ስምንት ሰዎች እያንዳንዳቸው ወደ ሌላ አቅኚ አባትና ወደ ሌላ ደብር ሊወስዱት ስለሚችሉ፣ ገበሬው የአንድ ጎሣ ብቻ አባል ሆኖ አያውቅም፤ ዛሬ አብሮት ርስት የሚያስቆጥረው ዘመዱ ነገ በሌላ መሬት ላይ ተሟጋቹ ነው። የሚፈርደውም ደም ሳይሆን ዳኛ፣ ሽማግሌና የሰው ምስክር ነው። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚለው ብሂል የሚናገረው ስለ መብት ነው፤ በሙግት ስለሚረጋገጥና ገዥ ሊሽረው ስለማይገባ መብት። ይህ ገና ዜግነት አይደለም፣ ርስት የሌለውን ሸማኔና ቀጥቃጭ ከመብት ውጭ ያደረገ ሥርዓትም ነበር፤ ነገር ግን ገበሬው ፖለቲካን የተማረበት ትምህርት ቤት የዘር ማኅበር ሳይሆን የሙግት አደባባይ እንደነበር ያረጋግጣል።

በዚህ መብት ላይ የተነሣው አደጋም ሁልጊዜ የመጣው በራሱ ቋንቋ ነው። ጎጃም ከጣሊያን ወረራ ማብቂያ በኋላ በተለያየ ጊዜ በግብርና በመሬት ልኬት ምክንያት ያመፀ ሲሆን፣ ትልቁ ዐመፅ የተነሣው በኅዳር 1960 ዓ.ም. የወጣውን የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ተከትሎ ነው። ገበሬው አዋጁን የተረዳው መሬት ተለክቶ ርስት የሚጠፋበት መንገድ እንደሆነ አድርጎ ነበር፤ ገማቾቹን አላስገባም አለ፤ መንግሥት ጦር ላከ፣ የአየር ኃይል አውሮፕላኖችም መንደሮችን ደበደቡ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፉን ግብር ማሩ፣ አዋጁም ጎጃም ላይ ሳይሠራ ቀረ። አዋጁን ያወጡት፣ ጦሩን ያዘዙትና ግብሩን ሊገምቱ የወጡት ሰዎች አማርኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከገበሬው ጋር በአንድ ሃይማኖት የሚቆርቡ ናቸው። ገብሩ ታረቀ ስለ ኢትዮጵያ የገበሬ ዐመፆች በጻፈው ሥራ ከትግራይና ከባሌ ዐመፆች ጎን ጎጃምን ሲያስቀምጥ፣ የጎጃሙን ለየት የሚያደርገው ይኸው ነው። እዚህ ዐማፂውና ገዥው በቋንቋም በእምነትም አይለያዩም ነበርና፣ የገበሬው ጥያቄ «ማን ይግዛን» ሳይሆን «የሚገዛን ሰው በምን ይታሰር» የሚል ነበር።

ስለ መጀመሪያዎቹ ኅብረ ብሔራዊ ፓርቲዎች የተለመደው አስተያየት የሚለው በከፊል እውነት መሆኑን መካድ አይቻልም። መኢሶን በነሐሴ 1960 ዓ.ም. በሃምቡርግ፣ ኢሕአፓ በሚያዝያ 1964 ዓ.ም. በበርሊን በተማሪዎች ተመሠረቱ፤ ሁለቱም ከብሔር በላይ የሆነ የመደብ ትግል ይሰብኩ ነበር፤ ሁለቱም እርስ በርስ ተጋደሉ፣ ደርግም ሁለቱንም ጨረሳቸው። «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክራቸው በደቡብ ላለው ጭሰኛ ሕይወት ነበር፤ የጎጃም ባለ ርስት ግን በ1967 ዓ.ም. የወጣውን የመሬት አዋጅ በጥርጣሬ ነው የተቀበለው፣ ምክንያቱም ለእሱ አራሹም ባለ መሬቱም ራሱ ነበር። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። የብሔር ድርጅቶችም የተወለዱት በዚያው የተማሪ ማኅበር ውስጥ ነው፤ ሕወሓትን በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሠረቱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንጂ የእንደርታ ገበሬዎች አልነበሩም። መሪዎቹ ምሁራን ናቸው ተብሎ የሚቀርበው ክስ እውነት ከሆነ ሁለቱንም ወገን እኩል ያስቀጣል፤ አንዱን ብቻ እየመረጠ የሚመታ ክስ ክርክር ሳይሆን አድልዎ ነው።

የክልሉን ድርጅቶች የትውልድ ታሪክ መመልከት ደግሞ የብሔር ፓርቲ ከሕዝብ ልብ በተፈጥሮ የሚመነጭ ነው የሚለውን እምነት ይበልጥ ያናጋል። አማራ ክልልን ለሩብ ምዕተ ዓመት ያስተዳደረው ብአዴን ሲመሠረት የአማራ ድርጅት አልነበረም። በኅዳር 1973 ዓ.ም. ከኢሕአፓ ተነጥለው የወጡ ታጋዮች የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ፣ በአጭሩ ኢሕዴን፣ ብለው ያቋቋሙት ኅብረ ብሔራዊ ድርጅት ነበር፤ የአማራን ስም የለበሰው ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. ነው። በተቃራኒው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በጥር 1984 ዓ.ም. የመሠረቱት የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት፣ መዐሕድ፣ አማራው ሲጠቃ ሌላ የሚጮኽለት የለም ብሎ በብሔር ስም ተነሥቶ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት፣ መኢአድ፣ ሆነ። አንዱ በገዥነት ሲደላደል ከአገር ወደ ብሔር ወረደ፤ ሌላው በስደትና በእስር ውስጥ ሆኖ ከብሔር ወደ አገር ወጣ። መኢአድ የለወጠው ስሙን ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስሙን የለወጠበት አቅጣጫ ራሱ ትርጉም አለው፤ የገጠር መረቡ ጠንካራ የነበረውም ጎጃምን በመሰሉ አካባቢዎች ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ነው፤ በአካባቢው ድልድል ተብሎም ይጠራል። የክልሉ መንግሥት መሬት ለሌላቸው ወጣቶችና ሴቶች መሬት ለማዳረስ በሚል የገበሬውን ይዞታ እንደገና ሲያከፋፍል፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበርና በቀበሌ አመራር ያገለገሉትን «ቢሮክራሲ»፣ ከቀድሞው ሥርዓት ጋር ተያይዘው የተቆጠሩትን ደግሞ «የፊውዳል ቅሪት» ብሎ ለየ። ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር ሊይዝ ሲፈቀድለት፣ እነዚህ አንድ ሄክታር፣ በአገሬው መለኪያ አራት ጥማድ ያህል፣ ብቻ ይዘው የቀረውን እንዲለቁ ተደረገ። አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ለእነሱ ሰልፍ ወጥተው ብዙዎች ታሰሩ። ድልድሉ ለመሬት አልባው ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ መሬት ያገኙ አሉ። ለክርክሩ የሚፈለገው ሌላ ነው፤ ይህን የፈጸመው በአማራ ስም የተደራጀ ፓርቲ፣ በአማራ ክልል ምክር ቤት ሕግ፣ በአማርኛ በተካሄደ ስብሰባ፣ በጎረቤት አስመዝጋቢነት ነው። የብሔር ውክልና የሚባለው ነገር ሙሉ በሙሉ ተሟልቶ ነበር። ገበሬው በራሱ ቋንቋ ስሙ ተጠርቶ፣ ለመከራከሪያ ፍርድ ቤት ሳያገኝ፣ የአባቱን እርሻ ሌላ ሰው ሲያርሰው ተመለከተ። አያቱ በ1960 የተማረውን ትምህርት እሱ በ1989 ደገመው።

ስምንት ዓመት ቆይቶ ምርጫ መጣ። በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ መኢአድ፣ ኢዴፓ መድኅን፣ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግና ቀስተ ደመና ተሰባስበው ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ፣ በሕዝብ አጠራር ቅንጅት፣ የሚባለውን ጥምረት ፈጠሩ። ሁለት ጣት ቀስሮ ማሳየት የጥምረቱ ምልክት ሆነ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ከተካሄደው ምርጫ በኋላ፣ አከራካሪ በነበረው ይፋዊ ውጤት እንኳ፣ ቅንጅት በተወካዮች ምክር ቤት 109 መቀመጫ አገኘ። የአዲስ አበባ 23 መቀመጫዎች በሙሉ የእሱ ስለነበሩ፣ የተለመደው አስተያየት ዓይኑን እዚያ ላይ ብቻ ተክሎ «የከተማ ፓርቲ» ይላል፤ የቀሩት 86 መቀመጫዎች ግን ከአዲስ አበባ ውጭ የተገኙ ናቸው። ከእነዚህ 50 ያህሉ ከአማራ ክልል 138 መቀመጫዎች የተወሰዱ ነበሩ። አሁን ተራ ሒሳብ ይሠራ። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ለ138 ቢካፈል አንድ የምርጫ ክልል 125 ሺህ ያህል ሰው ይደርሰዋል። የክልሉ ከተሜ ጠቅላላ ቁጥር 2.1 ሚሊዮን ያህል ስለነበር፣ የባሕር ዳር፣ የጎንደር፣ የደሴ፣ የደብረ ማርቆስ፣ የፍኖተ ሰላምና የሌሎቹ ከተሞች ሕዝብ ሁሉ ተነቅሎ በአንድ ላይ ቢሰፍር እንኳ 17 የምርጫ ክልል ብቻ ይሞላል። የቀሩትን ሠላሳ ሦስት የሰጠው ገበሬው ካልሆነ ማን ነው?

ለዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ድምፁ የተቃውሞ ድምፅ ነበር፣ ገበሬው ኢሕአዴግን ለመቅጣት እንጂ የዜግነትን ሐሳብ ወዶ አልመረጠም የሚል ነው። እርግጥ ገበሬው የቅንጅትን ፕሮግራም አንብቦ ጨርሶ ነበር ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ግን የትኛው መራጭ ነው ያለ ብሶት የሚመርጠው? የብሔር ፓርቲን የመረጠ ሰው ብሶቱ እንደ ማንነት ሲቆጠርለት፣ ኅብረ ብሔራዊ ፓርቲን የመረጠው ሰው ግን ብሶቱ እንደ ቁጣ ብቻ የሚታይበት ሚዛን ሚዛን አይደለም። ኢሕአዴግ በዚያ ዘመቻ ቅንጅትን በሩዋንዳ ዘር ካጠፉት ከኢንተርሃምዌ ጋር እስከ ማመሳሰል ደርሶ፣ መሬት ይሸጣል፣ ገበሬው ይፈናቀላል እያለ በየቀበሌው ቀስቅሷል። ማስፈራሪያው መሬቱን በድልድል ላጣው ገበሬ ምን ያህል ባዶ ሆኖ እንደተሰማው መገመት አያስቸግርም።

ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ብልህ ነው። አማራ በሚኖርበት ቦታ ኅብረ ብሔራዊ ፓርቲን መምረጥ ቀላል ነው፣ ምክንያቱም «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ለአማራው የራሱ ስም ሌላ አጠራር ነው፤ ስለዚህ ድምፁ የተሸፈነ የብሔር ድምፅ ነበር ይላል። ይህ መልስ ቅንጅት በኦሮሚያና በደቡብ ክልል ያገኛቸውን መቀመጫዎች ማስረዳት አይችልም። ከዚያም በላይ የዳሞት «አማራነት» ራሱ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። የጋፋት ቋንቋ፣ ከአማርኛ ጋር ዝምድና ያለው የሴም ቋንቋ፣ በዳሞትና በዓባይ ዳር ይነገር ነበር፤ የቋንቋ ሊቁ ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሊመዘግበው ሲመጣ ያገኘው ጥቂት አረጋውያን ተናጋሪዎችን ብቻ ነው። በዞኑ የነበረችው ሜጫ ወረዳ ስሟ ከዓባይ ማዶ ካሉት ከመጫ ኦሮሞዎች ስም ጋር አንድ ነው። አገው ምድር ጎረቤት ነው። በቆጠራው ወረቀት ላይ ከመቶ 99 ሆኖ የሚታየው ሕዝብ የጋፋት፣ የአገው፣ የኦሮሞና የአማራ ዘር በርስት፣ በጋብቻና በደብር ሲቀላቀል የኖረ ነው። እንዲህ ባለ ሕዝብ ዘንድ ብሔር ውሉ የታወቀ ደም ሳይሆን የጋራ ኑሮ ውጤት ነውና፣ የዜግነት ሐሳብ ከውጭ የገባ እንግዳ ነው ከማለት የብሔሩ ሰነድ ራሱ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው ማለት ይቀላል።

ታዲያ ሥር የያዘው ነገር ለምን ደረቀ? አንዱ ምክንያት ግልጽ ስለሆነ በአጭሩ ይታለፍ፤ ተነቀለ። በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሡት ግጭቶች፣ ምክር ቤቱ ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት እንደገለጹት፣ 193 ሲቪሎች ተገደሉ፤ የቅንጅት መሪዎች ታስረው እስከ ሐምሌ 1999 ዓ.ም. ቆዩ፤ የጥምረቱ ሕጋዊ ስም ለሌላ ቡድን ተሰጠ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤቶች አባላት ብዛት እስከ 300 ከፍ ተደርጎ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ከሦስት ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ሲሞላ ተቃዋሚው የደረሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከዚያ በኋላ ገጠሩን የያዘው «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት ነው፤ አምስት ቤተሰብ በአንድ ግንባር ቀደም ገበሬ ሥር ሆኖ ማዳበሪያውንም ስብሰባውንም የፖለቲካ አቋሙንም በአንድ መዝገብ የሚያስመዘግብበት። ዩሪያ የሚያድለውና ድምፅ የሚያስቆጥረው ሰው አንድ በሆነበት ቀበሌ በ2002 ዓ.ም. ከ547 መቀመጫ 545ቱ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉም ለገዥው ወገንና ለአጋሮቹ መሆኑ ስለ ገበሬው ፍላጎት የሚነግረው ነገር የለም።

ሌላው ምክንያት ግን የፓርቲዎቹ የራሳቸው ነው፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት ለዜግነት ፖለቲካ መወገን ሳይሆን ማስመሰል ይሆናል። የቅንጅት መሪዎች ምክር ቤት እንግባ አንግባ በሚለው ሲከፋፈሉ፣ ከእስር ሲወጡም በማኅተምና በሊቀመንበርነት ሲጣሉ፣ 50ውን መቀመጫ የሰጠው ገበሬ ስለ ውሳኔው አልተጠየቀም። በብርቱካን ሚደቅሳ መሪነት የተመሠረተው አንድነትም፣ ከዚያ የተከተሉትም፣ ጽሕፈት ቤታቸው፣ ጋዜጣቸውና ጭቅጭቃቸው አዲስ አበባ ነበር፤ ገጠር የሚታወሰው ምርጫ ሲቃረብ ነው። የመሬት ጉዳይ እንኳ በግል ይያዝ ወይስ በመንግሥት በሚል የኢኮኖሚስቶች ክርክር ተጠምዶ፣ «በ1989 የተወሰደብኝ አራት ጥማድ ማን ይዳኝልኛል» ለሚለው ገበሬ የሚሆን አንድ ዐረፍተ ነገር አላገኘም። የተለመደው አስተያየት ይህን አይቶ «ሐሳቡ ለገጠር አይሆንም» ብሎ ሲደመድም፣ የአስተዳደር ስንፍናን የሐሳብ ሞት አድርጎ ቆጠረው።

ከሁሉም የሚከብደው መከራከሪያ የደኅንነት ነው፤ ተገቢውን ክብደት ሳይሰጡ ማለፍም አይገባም። በ2004 ዓ.ም. ከጉራ ፈርዳ፣ በ2005 ዓ.ም. ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ አማርኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ተፈናቀሉ፤ በ2012ና በ2013 ዓ.ም. መተከል የዕልቂት ስፍራ ሆነ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በአንድ ሌሊት ብቻ ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ። መተከል ለምዕራብ ጎጃም ሩቅ አገር አይደለም፤ የድሮው ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ክፍል፣ የዘመድ ቤት ነው። ወንድሙ በብሔሩ ተለይቶ የተገደለበትን ሰው «በዜግነትህ ተደራጅ» ማለት እንደ ስድብ ሊሰማው ይችላል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመሠረተው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ፣ አብን፣ ያን ያህል በፍጥነት ጆሮ ያገኘው በከንቱ አልነበረም፤ ኅብረ ብሔራዊ ፓርቲዎቹ ጥቃቱን በስሙ ለመጥራት ሲያመነቱ የተዉትን ባዶ ቦታ ሞላ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚወጣው ድምዳሜ የተባለው አይደለም።

በቡለን ከተገደሉት ውስጥ አማራ ብቻ ሳይሆን ኦሮሞና ሺናሻም ነበሩበት። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት የክልሉ ነባር ሕዝቦች ብሎ በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ይዘረዝራል፤ ከዚህ ዝርዝር ውጭ ያለ ሰው እዚያ ተወልዶ ቢያረጅም በሥርዓቱ ዘንድ መጤ ነው። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ በዚያ ክልል ነባር ያልሆኑ እጩዎች የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አትናገሩም ተብለው ከውድድር ሲታገዱ፣ ክርክሩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄዶ ነበር። የተቀባይነት ጥያቄው ስለ ማን ቁጥር መብዛት ሳይሆን በዚያ ምድር የመመረጥ መብት ለማን እንደሚገባ ነበር። እንግዲህ በአማራ ስም የተደራጀ ፓርቲ ፍኖተ ሰላምንም ቡሬንም ጠቅልሎ ቢያሸንፍ፣ ያ ድል በመተከል ላለው የጎጃም ተወላጅ የእጩነት ወረቀት አይሆንለትም፤ የብሔርን ባለቤትነት እንደ ሕግ የሚቀበል ፓርቲ የሌላውን ብሔር ባለቤትነት መቃወሚያ ክንድ የለውም። እዚያ ያለውን ገበሬ ሊያድን የሚችለው የሚኖርበት መሬት የማን ነው ተብሎ ሳይጠየቅ የሚዳኘው ሕግ ብቻ ነው፤ ያንን ሕግ የሚጠይቀው ደግሞ የዜግነት ፖለቲካ ነው። በመንደር ውስጥ ያለውን ወገን ለመከላከል የብሔር ድርጅት ይጠቅም ይሆናል፤ ከመንደሩ የወጣውን ግን እንግዳ አድርጎ የሚያጋልጠው ያው አስተሳሰብ ነው።

በራሱ ቋንቋ የሚመጣ በደልም አላበቃም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ በቀናት ውስጥ፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለመገናኛ ብዙኃን ሲናገሩ፣ ክልሉን የሚያስተዳድረው የአማራ ብልጽግና ነበር። የ1960ዎቹን አውሮፕላኖች የሚያስታውስ ሽማግሌ በአካባቢው ካለ፣ የገዥዎቹ ስም ተቀይሮ የሰማዩ ድምፅ ያው መሆኑን ሳይታዘብ አይቀርም።

ግንቦት 2011 ዓ.ም. ሰባት ፓርቲዎች ከስመው የመሠረቱት ኢዜማ፣ በሙሉ ስሙ የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ፣ ከቅንጅት ስሕተት አንድ ትልቅ ትምህርት ወስዶ ነበር። የፓርቲውን መሠረት ከማዕከል አውርዶ በየምርጫ ወረዳው ላይ አኖረው፤ የፓርቲ መሪነትንም ከሊቀመንበርነት ለየ። አሠራሩ ትክክል ነበር፤ ምናልባትም ኅብረ ብሔራዊ ፓርቲ በኢትዮጵያ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ብልሁ ይህ ነው። ነገር ግን በሰኔ 2013ቱ ምርጫ አራት መቀመጫ ብቻ ካገኘ በኋላ መሪው ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ካቢኔ ገቡ፤ ከፓርቲው ብዙዎች ለቀቁ፤ ከገጠር ምርጫ ወረዳ ሆኖ ሲታይ ተቃዋሚውና ገዥው የሚለዩበት መስመር ጠፋ። አብንም በዚያው ምርጫ ያገኘው አምስት ነው፤ አንዳንድ መሪዎቹም ሹመት ተቀብለዋል። ስለዚህ «የብሔሩ መንገድ ሠራ፣ የዜግነቱ ከሸፈ» የሚለው ወሬ በአምስትና በአራት መካከል ባለው ልዩነት ላይ የቆመ ነው። በመተከል ደግሞ በዚያ ሰኔ ድምፅ ጭራሽ አልተሰጠም፤ ጸጥታው አልፈቀደም ነበር።

ራሱን ኅብረ ብሔራዊ ብሎ የሚጠራ ፓርቲ ሞተሃል ለሚሉት መልስ ለመጻፍ አይቸኩል። ከዚያ አስቀድሞ፣ ስለ አንቀጽ 39 በየፕሮግራሙ ከሚጽፈው ረጅም ምዕራፍ ፊት፣ ስለ ማዳበሪያ ዕደላ፣ ስለ ቀበሌ ዳኝነት፣ ከክልል ክልል ተሻግሮ ስለሚያርስ ገበሬ የመመረጥ መብትና በ1989ኙ ድልድል «ቢሮክራሲ» ተብለው መሬታቸው ስለተወሰደባቸው ሰዎች አንድ ምዕራፍ ይጻፍ፤ ጽፎም ለቡሬና ለጃቢ ጠህናን ገበሬ ያንብብለት።